ቁጥሩን ሳይሆን ምክንያቱን መዝግቡ፦ በሲሙሌሽን ጌም ውስጥ ፍቅርን ስለመሥራት

ሲሙሌሽን ጌም፣ ማለትም ገጸ ባሕርያቱ በራሳቸው የሚኖሩበት ጌም፣ የሚሠራ ፕሮግራመር ፍቅር ላይ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከአንድ ቁጥር ነው። ለሁለት ገጸ ባሕርያት ከ−100 እስከ 100 የሚሄድ ነጥብ ይከፍታል፤ ሲያወሩ ይጨምራል፣ ሲጣሉ ይቀንሳል፣ 80 ሲሞላ ይጋባሉ። ጌሙ ትንሽ እንደተጫወተ ግን ችግሩ ይወጣል። ወይ መንደሩ በሙሉ ይዋደዳል፣ ወይ ማንም ማንንም አይፈልግም፤ ተጫዋቹ «እነዚህ ለምን ተለያዩ?» ብሎ ሲጠይቅም ጌሙ የሚመልሰው የለውም። ከዚህ ሁሉ የሚያወጣው መንገድ የፍቅርን ነጥብ አለማስቀመጥ ነው። ነጥቡን ያመጡትን ምክንያቶች አስቀምጡ፤ ነጥቡን በተፈለገ ጊዜ ከእነሱ አስሉት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

መጀመሪያ መዝገቡን እንይ። ስሜት አቅጣጫ አለው፤ አልማዝ ለግርማ ያላት ስሜትና ግርማ ለአልማዝ ያለው ስሜት ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ናቸው። የሰዎችን የዕለት ኑሮ በሚያስመስለው ጌም በዘ ሲምስ 2 (እ.ኤ.አ. 2004) እያንዳንዱ ሲም (ገጸ ባሕርይ) ለሌላው የየራሱ ነጥብ ነበረው፤ ያውም ሁለት፦ ቶሎ ከፍ ዝቅ የሚል የዕለት ነጥብና ቀስ ብሎ የሚከተለው የዕድሜ ልክ ነጥብ። ዘ ሲምስ 4 (እ.ኤ.አ. 2014) ጓደኝነትንና ፍቅርን በሁለት መለኪያ ለየ፤ መለኪያዎቹ ግን የሁለቱም የጋራ ናቸው። ከሁለቱም መልካሙን መውሰድ ይቻላል፤ አቅጣጫውን ከመጀመሪያው፣ ጓደኝነትና ፍቅር መለየቱን ከሁለተኛው። የጋራ መለኪያ ብቻ ያለው ጌም አንዱ ወድዶ ሌላው ያልወደደበትን ሁኔታ ማሳየት አይችልም፤ ብዙው ታሪክ የሚወለደው ደግሞ ከዚያ ነው።

50 ገጸ ባሕርያት ካሏችሁ አቅጣጫ ያላቸው ጥንዶች 2,450 ናቸው፤ 200 ካሏችሁ 39,800። ይህን ሁሉ አስቀድማችሁ አትፍጠሩ። ሁለት ሰዎች መጀመሪያ ሲገናኙ ብቻ መዝገቡ ይከፈት፤ አብዛኛው ሰው ከጥቂቶች ጋር ብቻ ስለሚውል ሜሞሪው ብዙ አይጨምርም። በእያንዳንዱ መዝገብ ሦስት ነገሮች ተለይተው ይሰላሉ፦ መሳሳብ፣ መቀራረብና መተማመን። እያንዳንዱ ትዝታ ከሦስቱ የትኛውን እንደሚነካ አብሮ ይጻፍበታል።

ስሜት በአቅጣጫ ይቀመጥ ስል ዝምድናውን አይጨምርም። ፍቅረኛ፣ እጮኛ፣ ባልና ሚስት፣ የተፋቱ የሚለው ሁኔታ ለጥንዱ አንድ መዝገብ ብቻ ይኑረው። «የእሷ ባል» እና «የእሱ ሚስት» ተብሎ በሁለቱም ሰዎች ላይ ከተጻፈ አንድ ቀን አንደኛው ይሰረዛል፣ ሌላኛው ይቀራል፤ እሷ ላጤ ሆና እሱ ያገባ ሆኖ ይገኛል። ይህ ባግ (የኮድ ስህተት) በብዛት የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው። ስለዚህ የሞተ ሰው ዳታ አይጥፋ፤ ሞቷል ተብሎ ምልክት ይደረግበት፣ ትዳሩም በሞት እንደተቋረጠ ይመዝገብ። ሐዘንም፣ እንደገና ማግባትም ከዚያ መዝገብ ይነሳሉ።

ከስሜት በፊት በሮች አሉ፤ ካልተሟሉ ፍቅር የማይጀመርባቸው ቅድመ ሁኔታዎች ማለት ነው። ሁለቱም ለአቅመ አዳምና ሔዋን መድረሳቸው፣ ማለትም 18 ዓመት መሙላታቸው፣ ከሁሉ የሚቀድም በር ነው። ይህ ፍተሻ በኮዱ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ፤ ማንኛውም የፍቅር ድርጊት በዚያ ሳያልፍ መጠራት የለበትም። በየፋይሉ ተበትኖ ከተጻፈ አንዱ ጋ መረሳቱ አይቀርም። ማን ወደ ማን እንደሚሳብም በራሱ በገጸ ባሕርዩ ዳታ ላይ በግልጽ ይቀመጥ እንጂ በስሌቱ ውስጥ አይደበቅ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪምወርልድ የተባለው የሰፋሪዎች ሲሙሌሽን ጌም ኮድ ተፈትቶ ሲነበብ ለወንድና ለሴት የተለያየ የመሳሳብ ሕግ ተጽፎበት በመገኘቱ ሰፊ ክርክር ተነስቶ ነበር። በሒሳብ ውስጥ የተቀበረች አንዲት ማባዣ ሠሪው ስለ ሰው ያለው አስተያየት ሆና ትነበባለች። ስለዚህ እያንዳንዱን ማባዣ «ይህን በአደባባይ ብጠየቅ አስረዳዋለሁ ወይ?» እያላችሁ ጻፉት።

የዝምድና በር ከሁሉም የበለጠ ያስቸግራል፤ በተለይ ጌሙ ባለብዙ ትውልድ ሲሆንና በእኛ መንደር ላይ ሲመሠረት። በብዙ የአማራ አካባቢዎች ልማድ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ አይጋቡም። ኮዱ ራሱ ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ሰው ተነስታችሁ ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ቅድመ አያቶችን ሰብስቡ፤ ቢበዛ 254 ሰው ነው። ሁለቱ ስብስቦች አንድ የጋራ ሰው ካላቸው፣ ወይም አንዱ ራሱ በሌላው ስብስብ ውስጥ ካለ፣ በሩ ይዘጋል። የአንድ ሰው ዘር ስለማይቀየር ስብስቡን ሲወለድ አንድ ጊዜ አስልቶ ማስቀመጥ ይበቃል።

የሚያስቸግረው መንደሩ ነው። ጌሙ በ40 መሥራቾች ጀመረ እንበል፤ ከውጭ የሚመጣ የለም። የመሥራቾቹ የልጅ ልጆች እያንዳንዳቸው አራት መሥራች አሏቸው፤ በዘፈቀደ ሁለት ብትወስዱ የማይዛመዱት 64 በመቶ ገደማ ናቸው። ቀጣዩ ትውልድ ስምንት ስምንት መሥራች ይኖረዋል፤ የማይዛመዱት ጥንዶች ወደ 14 በመቶ ይወርዳሉ። ከዚያ የሚቀጥለው ትውልድ 16 መሥራች ስለሚኖረው የማይዛመድ ጥንድ ከ80 ሺህ አንድ እንኳ አይገኝም። ትዳር በመንደሩ ውስጥ ይቆማል፤ ፕሮግራመሩም የፍቅር ስሌቱ የተበላሸ መስሎት ቀናትን በከንቱ ያጠፋል። ሰባቱን ወደ ሦስት ዝቅ ማድረግ ችግሩን የሚያዘገይ ቢሆንም ልማዱን ያፈርሳል። እኔ የምመርጠው እውነተኛ መንደር የሚያደርገውን ማድረግ ነው፤ ሙሽራ ከሌላ አገር ይምጣ። በስክሪን ላይ የማይታዩ አራት ወይም አምስት ጎረቤት መንደሮችን ፍጠሩ፤ ነዋሪዎቻቸው ስም፣ ዕድሜና የዘር ሐረግ ብቻ ይኑራቸው። ገበያና ክብረ በዓል ሲሆን ጥቂቶቹ ወደ ዋናው መንደር ብቅ ይበሉ፤ ሙሉ ገጸ ባሕርይ የሚሆኑት ያኔ ብቻ ነው።

ወደ መሳሳብ እንምጣ። ሦስት ምንጭ አለው። አንዱ ሁሉም ሰው የሚስማማበት ውበት፣ ሁለተኛው ጠባይና ፍላጎት መግጠሙ፣ ሦስተኛው ምክንያት የማይገኝለት ኬሚስትሪ። ውበቱ ከሌሎቹ ከበለጠ መንደሩ በሙሉ አንድ ሰው ላይ ይረባረባል፤ ሌላው ሁሉ ላጤ ሆኖ ይቀራል። ለውበት ከ−10 እስከ 10 ከሰጣችሁ ለጠባይና ለኬሚስትሪ በየፊናቸው ከ−20 እስከ 20 ስጡ፤ የግል ምርጫ ሲበዛ ጥንዶቹ ይለያያሉ።

ኬሚስትሪውን ማስቀመጥ አያስፈልግም። ሪምወርልድ የሁለቱን ሰዎች መለያ ቁጥር እንደ ሲድ (የራንደም ስሌት መነሻ ቁጥር) ተጠቅሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት በሚሰጥ ራንደም ያወጣዋል። ለሁለቱም እኩል እንዲሆን ከፈለጋችሁ ትንሹን መለያ አስቀድሙ፤ ለየአቅጣጫው እንዲለያይ ከፈለጋችሁ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። የዓለሙን ሲድም ጨምሩበት፤ አለዚያ አዲስ ጨዋታ በተጀመረ ቁጥር ያው ቁጥር የተሰጣቸው ሰዎች ይዋደዳሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን ከ3.3 ቨርዥን ጀምሮ ለጽሑፍ የሚሰጠው ሃሽ (ጽሑፉን የሚወክል ቁጥር) ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ይለያያል፤ የማይክሮሶፍቱ ዶት ኔት ኮርም እንዲሁ ነው። ስም ለስም ሃሽ አድርጋችሁ ኬሚስትሪ ካወጣችሁ ተጫዋቹ ጌሙን ዘግቶ ሲከፍተው ባልና ሚስቱ እንግዳ ለእንግዳ ይሆናሉ። ሃሹን ራሳችሁ በቁጥር ላይ ጻፉት።

አሁን ዋናው ነገር፣ ትዝታ። አንድ ትዝታ አምስት ነገር አለው፦ ምን እንደተደረገ፣ ማን እንዳደረገው፣ መቼ፣ ክብደቱ፣ ግማሽ ዕድሜው (የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የት እንደሚጻፉ መጨረሻ ላይ እናያለን)። ግማሽ ዕድሜ ማለት ክብደቱ በግማሽ የሚቀንስበት የቀን ብዛት ነው። ቡና ላይ መጨዋወት 2 ነጥብና 3 ቀን፣ ስድብ −6 እና 10 ቀን፣ በታመመች ጊዜ መጠየቅ 15 እና 60 ቀን፣ ክህደት −40 እና 200 ቀን፤ መነሻ የሚሆኑ ቁጥሮች ናቸው። ትልቅና ትንሽ ነገር የሚለዩት በክብደት ብቻ ሳይሆን በሚቆዩበት ጊዜም ነው። ያው ዓይነት ትዝታ ሲደጋገም እያንዳንዱ ቀጣይ ካለፈው 0.7 ብቻ ይመዝን። እንዲህ ሲሆን የቡናው ጨዋታ ሺህ ጊዜ ቢደገም ድምሩ ከ6.7 አያልፍም።

ስጦታ ላይ ይህ በጣም ያስፈልጋል። ስታርዲው ቫሊ የተባለው የእርሻ ጌም አንዱን ልብ (የወዳጅነት ደረጃ) በ250 ነጥብ ይቆጥራል፤ በጣም የሚወደድ ስጦታ 80 ይሰጣል፣ በልደት ቀን በ8 ይባዛል፣ አብዛኛውን ጊዜም ለአንድ ሰው በሳምንት ከሁለት ስጦታ በላይ አይፈቀድም። እዚያ ጌም ውስጥ የሚያምር ሕግ ነው፤ ሰጪው ተጫዋቹ ብቻ ስለሆነ። ሁሉም ገጸ ባሕርይ ለሁሉም በሚሰጥበት ሲሙሌሽን ውስጥ ግን የሳምንት ገደብ አይበቃም፤ ሀብታሙ ሁሉንም ይገዛል። የ0.7 ቅነሳው ያን ይከላከላል።

ሌላው የሚፈነዳ ነገር ግብረ መልሱ ነው። የሚዋደዱ ሰዎች አብረው ይውላሉ፤ አብረው ሲውሉ የበለጠ ይዋደዳሉ። ስሜት ለስሜት የሚሰጠው ጭማሪ ከመርሳቱ ከበለጠ ሁሉም ጥንድ 100 ላይ ይደርሳል፤ ካነሰ ሁሉም ወደ ዜሮ ይወርዳል። መካከለኛውን በቁጥር ማስተካከል ብቻ ለማግኘት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። የትዝታዎቹን ድምር እንዳለ አትጠቀሙ፤ ነጥቡን እንዲህ አውጡት፦ 100 በድምሩ ይባዛ፣ ከዚያ ድምሩና 60 ተደምረው ለሚያመጡት ቁጥር ይካፈል። ድምሩ ኔጌቲቭ ከሆነ በአካፋዩ ላይ ምልክቱን ጥላችሁ ደምሩት። ድምሩ 60 ሲሆን ነጥቡ 50፣ 120 ሲሆን 67፣ 300 ሲሆን 83 ይሆናል። ከላይ መድረስ እየከበደ ይሄዳል፣ ጣሪያውንም ማንም አይነካውም።

በአንድ ምሳሌ ላይ እንየው። አልማዝ ለግርማ ያላት የመሳሳብ መዝገብ ይህ ነው፦

ኬሚስትሪ፦ +12
ጠባይ መግጠም፦ +9
ታማ ሳለ ጠየቃት (15፣ ግማሽ ዕድሜ 60፣ ከ30 ቀን በፊት)፦ +10.6
ቃሉን ረሳ (−8፣ ግማሽ ዕድሜ 20፣ ከ10 ቀን በፊት)፦ −5.7
ዛሬ ቡና ላይ አራት ጊዜ ተጨዋወቱ (2 + 1.4 + 1 + 0.7)፦ +5.1
ድምር 31፣ ነጥብ 34

የግርማ ድምር ደግሞ 75 ነው፤ ነጥቡ 56 ይሆናል። ጥያቄ የመቀበል ዕድልን በሎጂስቲክ ከርቭ (ነጥብን ወደ ዕድል በሚቀይር የS ቅርጽ ባለው መስመር) አውጡት፤ መሃሉ 55፣ ስፋቱ 8። በ55 ነጥብ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ በ71 ነጥብ 88 በመቶ፤ በአልማዝ 34 ነጥብ 7 በመቶ ብቻ። ግርማ ቢጠይቅ እምቢ የመባሉ ነገር የተረጋገጠ ያህል ነው፤ ጌሙም ከመዝገቡ ውስጥ ትልቁን ኔጌቲቭ አውጥቶ «ቃሉን መርሳቱን አልረሳችም» ብሎ መጻፍ ይችላል። ተጫዋቹ ያን ሲያነብ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ከባዶ ነጥብ ይህ ዓረፍተ ነገር አይወጣም።

ግን ግርማ ለምን ጠየቀ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ጌሞች የሚሳሳቱት፤ ጠያቂው የተጠያቂዋን እውነተኛ ነጥብ አይቶ ይወስናል። እንዲያ ከሆነ እምቢታ የሚባል ነገር ከጌሙ ይጠፋል። ለእያንዳንዱ መዝገብ ግምት የሚል አራተኛ ነገር ጨምሩ፤ ግርማ «ለእኔ ያላት ስሜት ይህን ያህል ነው» ብሎ የሚያስበው። ግምቱ በተገናኙ ቁጥር ወደ እውነቱ ትንሽ ይጠጋል፣ ግን እስከ 15 ነጥብ የሚደርስ ስህተት ይኑረው። ዓይን አፋሩ 15 ቀንሶ ይገምት፣ ደፋሩ 15 ጨምሮ። ውሳኔው ከግምቱ ይነሳ፤ መልሱ ከእውነተኛው ነጥብ።

እምቢታ ራሱ በጥንቃቄ መሠራት አለበት፤ እኔ ከተቀባይነት የበለጠ ጊዜ የምሰጠው ለእሱ ነው። ከመጀመሪያው እምቢታ በኋላ ያው ሰው ለ10 የጌም ቀን፣ ከሁለተኛው በኋላ ለ20 ቀን እንዳይጠይቅ አድርጉ። ሦስተኛው የመጨረሻው ይሁን። ገደብ ከሌለ አንድ ገጸ ባሕርይ ሌላዋን በየቀኑ ሲያስቸግር ትገኛላችሁ፤ ተጫዋቹም ይህን ፍቅር ሳይሆን ጥቃት አድርጎ ያነበዋል፣ እውነትም አለው። እምቢ ያለችውም ትዝታ ይቀመጥላት፤ የመጀመሪያው ቀላል፣ ሁለተኛው ከበድ ያለ ኔጌቲቭ።

ዕጣውን መቼ እንደምትጥሉም አስቡበት። በየሰዓቱ 2 በመቶ ዕድል ትንሽ ይመስላል። በ24 ሰዓት ግን 38 በመቶ ነው፣ በሳምንት 97 በመቶ። ትንሽ ዕድል ቶሎ ቶሎ ከተጣለ እርግጠኛ ነገር ይሆናል፤ የቲኩን (ጌሙ ራሱን የሚያድስበትን የእያንዳንዱን እርምጃ) ፍጥነት ስትቀይሩ ደግሞ የመንደሩ ጋብቻ ሁሉ ይቀየራል። ዕጣ የሚጣለው ክስተት ሲኖር ብቻ ይሁን፦ አብረው ሲበሉ፣ ከገበያ ሲመለሱ፣ ሠርግ ላይ ሲገናኙ።

ሁኔታ ሲቀየር መግቢያውና መውጫው አንድ ቁጥር አይሁን። 60 ላይ ፍቅረኛ ሆነው 59 ላይ የሚለያዩ ከሆነ በየቀኑ ሲለያዩና ሲታረቁ ይኖራሉ። መግቢያው 60፣ መውጫው 35 ይሁን፤ መውጫውም ለአምስት ተከታታይ ቀን ከዚያ በታች ሲቆይ ብቻ ይሥራ። ለትዳር መለያየትን ከመሳሳብ ጋር አታያይዙት። መሳሳቡ ቀዝቅዞ መተማመኑ ያለ ትዳር ይቀጥላል፤ መሳሳቡ ሞቆ መተማመኑ የፈረሰ ነው የሚናደው።

ጌሙ በእኛ አገር ልማድ ላይ ከሆነ በፍቅርና በጋብቻ መካከል ሽማግሌ አለ፤ ይህ ለሲሙሌሽን የተመቸ ነገር ነው። ሽማግሌ መላክን እንደ አንድ ድርጊት ሳይሆን ቀን እንዳለው ሂደት ሥሩት። ጠያቂው ሦስት ሽማግሌ ይመርጣል። በመጀመሪያው ቀን ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም፤ ቤተሰቡ ከ7 እስከ 14 የጌም ቀን ቀጠሮ ይሰጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዘር ይቆጠራል፣ ስለ ልጁ ጠባይ ይጠየቃል። መልሱ የሚሰላው የልጅቱ ወላጆች ለልጁም ለሦስቱ ሽማግሌዎችም ካላቸው መዝገብ ነው፤ ኮዱ ያው ነው፣ አዲስ ነገር አያስፈልገውም። ከአባትየው ጋር የተጣላ ሽማግሌ የላከ ነገሩን ያበላሻል። የልጅቱ ፈቃድ ግን በድምሩ ውስጥ የሚገባ ነጥብ አይደለም፤ በር ነው። እሷ እምቢ ካለች የቤተሰብ እሺታ ምንም ያህል ቢከብድ በሩን መክፈት የለበትም።

ቅናት ያየ ወይም የሰማ ሰው ላይ ብቻ ይሥራ። የጃፓኑ የፍቅር ጌም ቶኪሜኪ ሜሞሪያል (እ.ኤ.አ. 1994) ችላ የተባለች ገጸ ባሕርይ ላይ «ቦምብ» ያበቅላል፤ ሲፈነዳ ወሬው ለሌሎቹም ይደርስና ሁሉም በተጫዋቹ ላይ ያላቸው ስሜት ይወርዳል። ለሲሙሌሽን ቀለል ያለው መንገድ ትዝታውን ራሱን ማስተላለፍ ነው። አንድ ሰው ያየውን ለሌላ ሲነግር ትዝታው በግማሽ ክብደት ይገለበጣል፤ ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ሩብ ይሆናል፣ ከዚያ በታች አይሂድ። ማን እንደነገረው አብሮ ይቀመጥ፤ ወሬው ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ጥሉ ወደ ወሬኛው ይዞራል።

ሙከራ ያለ ግራፊክስ ይሁን። ተጫዋች የሌለባቸው 200 ዓለሞችን ለ20 የጌም ዓመት አስኪዱና ውጤቱን በሎግ ሰብስቡ። እኔ የማያቸው ነገሮች፦ በማንኛውም ጊዜ ከአዋቂዎቹ ስንት በመቶው ላጤ እንደሆነ (ከ15 እስከ 30 ቢሆን እመርጣለሁ)፣ አንድ ሰው ስንት ሰዎች ተሰልፈው እንደሚፈልጉት (ከመንደሩ አንድ አሥረኛ ካለፈ ውበቱ በዝቷል)፣ ጥንዶች ስንት ጊዜ እንደሚቆዩ፣ አንድም ጊዜ እምቢ ያልተባለ ሰው ምን ያህል እንደሆነ። አማካይ ብቻ አትዩ፤ ግማሹ ዓለም በሙሉ ተጋብቶ ግማሹ በሙሉ ላጤ ቢሆን አማካዩ ጤናማ ይመስላል።

ሴቭ ፋይሉ ላይ ትዝታዎቹ ይጻፉ፣ የተሰሉት ነጥቦች አይጻፉ። ክብደትና ግማሽ ዕድሜም በትዝታው ላይ ሳይሆን በክስተት ዓይነት ሰንጠረዥ ላይ ይሁኑ፤ ትዝታው በእነሱ ፋንታ የክስተቱን ዓይነት ስም ብቻ ይያዝ። የስድብን ክብደት ከ−6 ወደ −4 ስታወርዱ የቆየ ሴቭ ሁሉ በአዲሱ ቁጥር ይነበባል። ክብደታቸው ወደ ዜሮ የተጠጋ፣ ለምሳሌ ከ0.2 በታች የሆኑ ትዝታዎች በየሌሊቱ ይጠረጉ፤ የመጀመሪያ መገናኘት፣ ጋብቻ፣ ልጅ መውለድና ክህደት ግን ክብደታቸው ቢያልቅም አይሰረዙ። ከ30 የጌም ዓመት በኋላ ሁለት አሮጊትና ሽማግሌ መጀመሪያ የት እንደተያዩ ሊጫወቱ ሲቀመጡ ጌሙ የሚያወጣው ከዚያ ነው።